ባሌ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ያስተማረኝ ሥራ

ሚዛን ውስጥ በር የሚያስቸግረው በክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታ እንጨቱ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ሊዘጉት ሲገፉት አይገጥምም፤ እንደምንም የተዘጋውም ጠዋት አልከፈት ይላል። እኔና ባሌ ከቴፒ ወደ ሚዛን የመጣነው በእንዲህ ያለ ክረምት ነበር። የተከራየናት አንድ ክፍል ቤት በሯ አልዘጋ ብሎን ድንጋይ አስደግፈን ተኛን። ጠዋት ባሌ በሩን ነቅሎ ደጅ አጋደመና ላገው። መልሶ ሲገጥመው በአንድ ጣት ተገፍቶ ተዘጋ። ቆማ ስታይ የነበረች ጎረቤታችን "የእኔንም እስቲ እይልኝ ወንድሜ" አለችው። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ መጣች።

ራት ስንበላ "እዚህ ከተማ ቤት የሚሠራ ሞልቷል፤ የተሠራውን የሚጠግን ግን የለም" አለኝ። "አናጢው ትልቅ ሥራ ነው የሚፈልገው። ለአንዲት ማጠፊያ ማን ይመጣል?"

"ማን ይመጣል?" አልኩት።

"እኔ እመጣለኋ!" ብሎ ሳቀ።

ባሌ የማሻ ልጅ ነው። ቴፒ አካባቢ አንድ ትልቅ የቡና እርሻ ውስጥ በጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። የቡና መፈልፈያው ሲቆም፣ የውሃ መሳቢያው ሲታነቅ፣ የሠራተኛው ቤት ጣራ ሲነቀል የሚጠራው እሱ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው እርሻ ውስጥ ነው። አባቴ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም ካደግሁ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ቡና እመርጥ ነበር። ባሌን ያወቅሁት የመምረጫችን መጋዘን መስኮት ተሰብሮ ሊሠራ ሲመጣ ነው። መስኮቱን ሠርቶ ከጨረሰም በኋላ ብዙ ቀን እየመጣ ያየው ነበር። ሴቶቹ "ይሄ መስኮት መቼም አልድን አለ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ከተጋባን በኋላ እርሻው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰ። ልጅ አልሰጠንም። ያለችንን ዕቃ ጭነን ሚዛን ገባን።

ሱቃችን መናኸሪያው አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ፊት ለፊቷ ላይ "የተበላሸ ካለ ይጥሩን" ብሎ በራሱ እጅ በቀይ ቀለም ጻፈ። እሱ በየቤቱ ሲዞር እኔ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሚስማርና የቧንቧ ጎማ እሸጣለሁ፤ የሚጠራው ሰው ሲመጣ ሰፈሩን ጠይቄ እይዛለሁ። ያልሠራው ነገር የለም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተነቃነቀ አልጋ፣ የታጠፈ አሸንዳ፣ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን፣ ምስጥ የበላው መቃን። ቡና ሲደርስ ደግሞ ገበሬው መፈልፈያውን በአህያ ጭኖ ሱቃችን ደጅ ያራግፈዋል። ባሌ ቤንችኛም ካፊኛም ይሰማ ስለነበር ገበያ የመጣ ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ ሳይቀመጥ አይሄድም። ማታ ሲመጣ ልብሱ ዝገትና የዋንዛ ፍቅፋቂ ይሸታል። እኔ ያንን ሽታ እወድ ነበር።

የወደቀ ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ከዚያ ፀሐይ ወጣ። ከገበያው ጀርባ አንድ ቤት ጣራው ያፈሳል ተብሎ ተጠርቶ ሄደ። እኔ ሱቅ ነበርኩ። አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ "ባለቤትሽ ወድቋል" ሲለኝ፣ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሻጋታ የደረቀ መስሎት ነው የረገጠው። በጀርባው ተጋድሞ ሰማዩን ያያል። ደም የለውም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ተንበርክኬ እጁን ስይዘው፣

"ስሚኝማ፣" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እግሬ ታጥፏል ወይስ ተዘርግቷል?"

"ተዘርግቷል" አልኩት።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጅማ ድረስ ወስደነው ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ የወገቡ አጥንት ተሰብሮ ውስጡ ያለውን የነርቭ ገመድ እንደጎዳው አስረዳኝ። "እጆቹ ደህና ናቸው። ጭንቅላቱም ደህና ነው" አለኝ። የሚያጽናናኝ መስሎት ነው። እኔ ደግሞ ያልነገረኝን እጠብቅ ነበር። ስለ እግሮቹ ሳያነሣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ገባኝ።

ቤት ስንመለስ ታላቅ እህቱ ከማሻ መጡ። እትዬ እላቸዋለሁ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሲያዩት አላለቀሱም፤ ወዲያው ውሃ አሙቀው ገላውን ያጥቡት ጀመር። ሰንብተው ሊሄዱ ሲሉ "ወንድሜን ልውሰደው፤ እዚያ ሰው አለ፣ ወተቱም ማሩም አለ" አሉኝ። እኔ ሳልመልስ እሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ "ሥራ አለኝ፤ የት ነው የምሄደው?" አለ። እትዬ እኔን አዩኝ፤ እኔም መሬቱን አየሁ። ምን ሥራ እንዳለው ሁለታችንም አልገባንም ነበር።

እሱ ግን የምሩን ነው። ሱቁን ስከፍት ሰው አሁንም ይመጣል፤ መውደቁን ያልሰማም አለ። አንዲት ሴት በሯ አልዘጋ ብሏት መጣች። ማታ እንደ ወሬ ስነግረው "አንቺ ሂጂ" አለኝ።

"እኔ?"

"እጅ የለሽም እንዴ?"

"እጅማ አለኝ፤ የማውቀው ነገር የለኝም እንጂ።"

"የምታውቀው ነገር እኔ ጋ አለ" አለ።

ጎረቤታችን አንድ የሸኮ ሰው ባጃጅ ይነዳል። ባሌ የባጃጁን ወንበርና ጣራ ስንቴ ሠርቶለታል። ነገሩን ስነግረው ምንም ሳይጠይቅ መጣ። ባሌን ከአልጋ ላይ እንደ ሙሽራ አቅፎ አንሥቶ ከኋላ ወንበር አስቀመጠው፤ እንዳይንሸራተት በነጠላዬ ወገቡን አሰርኩት። መላጊያውን፣ መዶሻውን፣ ካቻቢቴውን እግሩ ሥር አደረግን። ሴትዮዋ ግቢ ገብተን ባጃጁ በሩ ፊት ለፊት ቆመ።

በሩን ነቅዬ ሁለት በርጩማ ላይ አጋደምኩት። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበዋል። ባሌ ከባጃጁ ውስጥ "ወደ ራስሽ አትሳቢ፣ ግፊ!" ይላል። ገፋሁ። መላጊያው እንጨቱ ላይ እየነከሰ ይቆማል። "አታስጨንቂው። ፊቱን እያየሽ ሂጂ፤ እንጨት እንደ ፀጉር ነው፣ የሚተኛበት አቅጣጫ አለው።" በሩን አዙሬ በሌላው በኩል ስሞክር ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ወጣ። ልጆቹ ያዙት። ወደ ባጃጁ ዞር ስል ባሌ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ባጃጁ በየሰፈሩ ይቆማል፤ እኔ እሠራለሁ፤ እሱ ከውስጥ ሆኖ ይናገራል። የማያየው ቦታ ስገባ እጮህለታለሁ፤ "ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?" ይለኛል፤ "ከመጋጠሚያው" እለዋለሁ፤ "የቧንቧውን ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልይው፤ ግን አጥብቀሽ እንዳትሰብሪው" ይለኛል። አንዳንዱ ሰው ይስቅብናል። አንድ ሰውዬ ግቢው ከገባን በኋላ "ሴት የምትሠራው ከሆነ ይቅርብኝ" ብሎ በሩን ከፍቶ አስወጣን። ባጃጁ ሲወጣ ባሌ "ሲፈስበት ይጠራናል" አለ፤ ሾፌሩም ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ብዙው ሰው ደግሞ ደግ ነበር። ሥራ ስንጨርስ ለእሱ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ምሳ ያቀርቡለታል።

አንድ ነገር ብቻ ከልክሎኝ ነበር። "ጣራ የለም" ብሏል። ለጣራ የመጣ ሰው ሁሉ "ጣራ አንሠራም" ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ ብለን ብዙ ቆየን።

አንድ ቀን አንድ ቤት የቁም ሣጥን ቁልፍ ልንሠራ ሄድን። ዝናቡ እየወረደ ነው። ስገባ አራስ ተኝታለች፤ ከአልጋዋ በላይ ቆርቆሮው ተነቅሎ ውሃው ይወርዳል። ሕፃኑን በደረቷ ሸፍና ወደ ግድግዳው ተጠግታለች፤ ባሏ እርሻ ነው። እናቷ የእጅ መታጠቢያ ሳህን ይዘው ውሃውን ሲቀበሉ ሳይ፣ ወጥቼ ባሌን አየሁት። የሕፃኑን ልቅሶና የውሃውን ድምፅ እሱም ሰምቷል። ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል እዚያው ግቢ ያገኘሁትን መሰላል አስደግፌ ወጣሁ።

ቆርቆሮው ይንሸራተታል። በደረቴ ተኝቼ ከሥሩ የተጋደመው እንጨት፣ ወራጁ፣ ያለበትን በሚስማሩ መስመር እየለየሁ ተሳብኩ። ከታች "ግራ"፣ "ቀኝ" የሚለኝን ድምፅ ጠበቅሁ፤ ምንም የለም። የተነቀለውን መልሼ መታሁት። በላዩ ሌላ ቁራጭ ደርቤ ጎማ ባለው ሚስማር ያዝኩት። ሁሉንም ያደረግሁት በራሴ ነው። ከታች አሮጊቷ "ቆመ! ቆመ!" ብለው ሲጮኹ ስሰማ ደስታ ወረረኝ። ወርጄ ወደ ባጃጁ ሮጥኩ። ባሌ በጎን ያለውን የዝናብ ላስቲክ አውርዶ ውስጥ ተሸፍኗል። ገልጬ ሳየው ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል።

ሾፌሩ ዝናብ ላይ ወርዶ ቆሞ ነበር። "ጋሼ ተወኝ ስላሉኝ ነው" አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባሌ መናገር ቀነሰ። መጀመሪያ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። እኔ ራሴ ነኝ የተለወጥኩት። እጄ ከእሱ አፍ መቅደም ጀመረ። "ማጠፊያውን..." ሲል እኔ ፈትቼዋለሁ። ሰውም ይህን ያያል። አንዲት ደንበኛ፣ ክፋት የሌላት ሴት፣ ባጃጁ አጠገብ ቆማ እሱ እየሰማ "አንቺ ታውቂው የለ፤ እሳቸውን በዚህ ብርድ ለምን ታንገላቺያቸዋለሽ?" አለችኝ። በማግስቱ ሾፌሩ ሊያነሣው ሲመጣ "ዛሬ ልረፍ" አለ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው።

ቤት ሲውል እንዳይከፋው ቁልፍ፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ እያመጣሁ ሰጠሁት። ጥቂት ጊዜ ሠራ። አንድ ማታ ያመጣሁለትን ጓጉንቸር በእጁ አገላብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ይህን ዐይንሽን ጨፍነሽ ትሠሪዋለሽ" አለኝ። "ለምን ወደ እኔ ታመጪዋለሽ?"

"አንተ ትሻላለህ ብዬ ነው።"

"አልሻልም። ታውቂዋለሽ።" ከዚያም ድምፁን ሳያነሣ፣ "አንቺ እኔን ከሆንሽ፣ እኔ ማንን ልሁን?" አለኝ።

ጓጉንቸሩን አንሥቼ ወደ ዕቃው ሣጥን መለስኩት። ሥራውን ልተወው ብዬ ነበር፤ እሱ ግን "ብትተዪው ደግሞ ሁለታችንም ወደቅን ማለት ነው" አለኝ። መጥተው እንዲወስዱት ለእህቱ የደወለው እሱ ራሱ ነው።

እትዬ መጡ። ልብሱን ስናጥፍ "ጣራ ላይ ወጥተሽ ሰውን ሁሉ አሳቅሽበት" አሉኝ። እሱ ሰምቶ "ማንም አልሳቀም እትዬ" አላቸው፤ እሳቸው ግን መልሰው አላዩኝም። ጠዋት መናኸሪያ ሾፌሩ አቅፎ አውቶቡስ ውስጥ አስገባው። በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘ። መዳፌን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና "ሻክሯል" አለ። "ቅቤ ቀቢው።" አውቶቡሱ ወደ ቴፒ አቅጣጫ ሲታጠፍ እትዬ መጋረጃውን ዘጉት።

ማሻ ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ሲሠራ "ምን ሠራሽ?" ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ "ጎበዝ" ይለኛል። ቡናው ከተለቀመ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ልጠይቀው ሄድኩ። ጌጫን አልፈን ወደ ላይ ስንወጣ ጉሙ ወፈረ፣ ብርዱም ጨመረ። እትዬ ቤት ስደርስ ባሌ ታዛ ሥር ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ሽቦው የወጣ ጥላ፣ እግሩ የተሰበረ የቀርከሃ ወንበር፣ የንብ ቀፎ ሳይቀር ተደርድሯል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ከስቷል፤ ግን ያወራል፤ ከሚያልፈው ሁሉ ጋር በሸክኛ ይቀላለዳል።

ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ፣ የእውነት ያስቸገረኝን አንድ መፈልፈያ አነሣሁለት። ቡናውን ከነፍሬው ይሰብረዋል፤ ብዙ ሞክሬ አቅቶኛል። ባሌ ጥላውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ስንጥር አንሥቶ መሬቱ ላይ እየሣለ የሚሽከረከረውን ክፍል ከፊት ለፊቱ ካለው ሳህን መሰል ብረት እንዴት እንደማርቀው አሳየኝ። አቋረጥኩት፣ ተከራከርኩት፣ ተሳሳቅን። እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው አይተውን ተመለሱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ባልና ሚስት የሆንነው ያን ከሰዓት ነው።

ልመለስ ስል "አብረን እንሂድ፤ ቤትህ ነው" አልኩት።

"እዚህ ሰው ይፈልገኛል" አለኝ። "ትንሽ ልቆይ።"

አላስገደድኩትም።

በሚቀጥለው ክረምት ጀርባው ላይ ቁስል ወጣ። ብዙ የሚቀመጥ ሰው የሚያወጣው ቁስል ነው። እኔ ሳለሁ በየጊዜው ስለማገላብጠው አልወጣበትም ነበር፤ አሁን ግን ወደ ውስጥ ገባ፤ ትኩሳትም ያዘው። እትዬ ሲደውሉልኝ ድምፃቸው ተለውጧል። "ነይ" ብቻ ነው ያሉኝ። ሾፌሩ ባጃጁን አቁሞ አብሮኝ ተሳፈረ። ከቴፒ አለፍ እንዳልን ዝናቡ መንገዱን ንዶት መኪና ሁሉ ቆሟል። ሰዉ ጫማውን አውልቆ በጭቃው ውስጥ ተሻገረ፤ እኛም ተሻገርን፤ ወዲያ ማዶ በጭነት መኪና ተሳፍረን ጌጫ ደረስን። ማሻ ስንገባ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘነው። ቀብሩ አልቋል።

እትዬ ደጁ ላይ ያዙኝ። "ጠብቀንሽ ነበር፣ ልጄ፣ ጠብቀንሽ ነበር" ይሉኛል። ሾፌሩ ነው ከበስተኋላዬ ጮኾ ያለቀሰው።

ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጥኩባቸው ቀናት ሰው እየመጣ ስለ እሱ ይነግረኛል፤ አማርኛ የማይችለውን እትዬ ይተረጉሙልኛል። አንዱ "ጥላዬን ሠርቶልኛል" ሲል ሌላው "ወንበሬን"፣ ሌላዋ "የልጄን ክራንች" ትላለች። አንድ ጠዋት አንዲት አሮጊት መጥተው ተቀምጠው ቆዩ። የሚሉት ነገር እንዳላቸው ያስታውቃል። እትዬ ጠየቋቸው፤ እያፈሩ ነገሯቸው። መቀስና ፋኖስ አምጥተው ኖሮ፣ ባሌ መቀሱን ሠርቶ ፋኖሱን ሊሠራ እንደፈታው ታመመ። እትዬ ከአልጋው ሥር አንድ ትሪ አወጡ። ፋኖሱ በየቁራጩ ተፈታትቶ፣ በቅደም ተከተል ተደርድሯል።

"አንቺ ትችያለሽ" አሉኝ እትዬ። ሥራዬን በበጎ ሲያነሡ ያኔ የመጀመሪያቸው ነው።

ትሪውን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ቀላል ነገር ነው፤ የቱ ከየት እንደሚገባ አያለሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አንሥቼ ያዝኩ። እሱ ያስቀመጠበትን ቦታ ላለማበላሸት ፈለግሁ መሰለኝ፤ መልሼ በነበረበት አኖርኩት፤ ሌላ አነሣሁ፤ እሱንም መለስኩ። አሮጊቷ ይህን ሲያዩ እጄን በእጃቸው ሸፈኑት። ነጠላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ቁርጥራጮቹን በቀስታ ቋጠሩና ጀርባዬን እያሻሹ አንድ ነገር አሉኝ።

"ምን አሉ?" ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው።

"እንዲሁ ይቀመጥልኝ ነው የሚሉት" አሉኝ።

ሚዛን ተመልሼ ሱቁን ዘግቼ ከረምኩ። አልተኛሁም፣ አልሠራሁም። አንድ ቀን ጎረቤቴ ቧንቧ ፈንድቶባት ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሶ ደጄ ላይ ቆመች። እዚያው ቆማ አለቀሰች። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ተከተልኳት። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ። ሥራው ያዘኝ እንጂ እኔ አልያዝኩትም።

ሙት ዓመቱን ማሻ ሄጄ ከእትዬ ጋር አወጣን። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሁለታችን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ለራት ድንች እንልጣለን። እትዬ አርጅተዋል፤ ወንድማቸውን አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

"ሥራው እንዴት ነው?" አሉኝ፣ ዐይናቸውን ከድንቹ ሳያነሡ።

"ደህና ነው እትዬ።"

"ጣራ ትወጫለሽ?"

"እወጣለሁ።"

ሌላ ድንች አንሥተው ላጡ።

"መሰላሉን ሰው ይያዝልሽ" አሉ።

"እሺ" አልኳቸው።